የመጀመሪያው ገዢ በሶማሌ ተራ

ስለ መርካቶ ያስጠነቀቁኝ የአርባ ምንጭ ጎረቤቶቼ፥ ከአንዱ በቀር፥ መርካቶን አይተው አያውቁም። አለማየታቸው ግን ምክራቸውን አላሳጠረውም። «ኪስህን በእጅህ ይዘህ ሂድ፤ ስልክህን መንገድ ላይ አታውጣ፤ ሸክምህን ልያዝልህ ለሚልህ ፊት አትስጥ» ሲሉኝ ሰነበቱ። አይቶ የተመለሰው አንዱ ደግሞ ንግግሩ አጭር ነውና «ትጠፋለህ» ብቻ አለኝ። ሄጄ ተመለስኩ። ኪሴም አልተነካ፥ እኔም አልጠፋሁም፤ እንዲያውም ይዤው ያልሄድኩትን አንድ ዕቃ ይዤ መጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለማይሄዱት ለእነዚሁ ጎረቤቶቼ ነው። በከፊልም ቃል ስለ ገባሁ ነው፤ የቃሉ ነገር በቦታው ይመጣል።

የጉዞው ምክንያት አዲስ አበባ ባለው በድሮው ዩኒቨርሲቲያችን የተጠራ የክፍል ጓደኞች መገናኛ ነበር። አስተባባሪዋ ጸዳለ ናት። በተማሪነታችን ዘመን የክፍል አለቃ ነበረች፤ ከሥልጣኗ ያወረዳት ስለሌለ እስከ ዛሬ አለቃ ናት። በቴሌግራም ባቋቋመችው ቡድን ውስጥ ሌሎቹ ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕልና ምርቃት ይላላካሉ፤ እኔ አነባለሁ። ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። በመጨረሻ ደወለችና «መሪጌታ፥ አለህ? ወይስ ስልክህን ሌላ ሰው ነው የሚያነበው?» አለችኝ። መሪጌታ የሚሉኝ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለ መጣሁ ነው፤ መሪጌታ ሆኜ አላውቅም። «እመጣለሁ» አልኳት። ከዚህ የበለጠ አልተነጋገርንም።

ማረፊያዬን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። በአንደኛ ዓመት፥ በተደራራቢው የተማሪ አልጋ ላይ፥ እኔ ከላይ ስሩር ከታች ነበር የምንተኛው። ሦስተኛ ዓመት ላይ አባቱ ታመሙ፤ ሱቁን የሚይዝ ታላቅ ወንድ ልጅ እርሱ ብቻ ነበርና ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። ዛሬ ሐጂ ስሩር ነው፤ መርካቶ፥ ሶማሌ ተራ፥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እመጣለሁ ብዬ ስደውልለት «ሆቴል ካደርክ ሱቄ ደጃፍ እንዳትደርስ» አለኝ። እኔም በልቤ ሌላ ሐሳብ ይዤ ነበር፦ ወደ መገናኛው አብሮኝ እንዲገባ። ከወጣ ወዲህ ያንን ግቢ ረግጦት እንደማያውቅ አውቃለሁ።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋጋ ተነሣ። ከሻንጣዬ ሌላ ከጓሮዬ የተለቀመ አንድ ካርቶን ማንጎ ይዣለሁ። ሙዝ እንዳልወስድ ጎረቤቶቼ ከልክለውኛል፤ «የእኛ ሙዝ ከአንተ ቀድሞ መርካቶ ይገባል» ብለው። በዚህስ አልተሳሳቱም። ረዳቱ ሻንጣዬን ከራሴ በላይ ካለው ማስቀመጫ አስገባና ካርቶኑን ከላዩ ጫነው። ይህ አደራደር ስሕተት መሆኑን ያወቅነው ወላይታ ሶዶን አልፈን መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ነው። የበሰለ ማንጎ መታጠፊያ አይወድም። የሻንጣዬ ዚፕ እስከ ጫፉ አይዘጋም፤ በውስጡ ያለው ደግሞ ለመገናኛው ያዘጋጀሁት ብቸኛው ሙሉ ልብሴ ነበር። ጠብታው አንገቴ ላይ ሲያርፍ ዝናብ መስሎኝ ወደ መስኮቱ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ምሳ ሆሳዕና ላይ ነበር። እኛ አገር ተጓዥ ምሳ ሲል ዓሣ ማለቱ ነው፤ ሐይቁ ቅርብ፥ እሾሁ ብዙ። እዚህ ቆጮና ክትፎ ቀረበ። አስተናጋጁ «ለብ ለብ ይበል ወይስ ጥሬውን?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከማሰቤ በፊት ከጎኔ የተቀመጡ ሰው «ለብ ለብ አድርግላቸው፥ መንገደኛ ናቸው» ብለው መለሱልኝ። ሰው ስለ እኔ ሲወስንልኝ ብዙ ጊዜ አልወድም፤ ይህን ግን ወደድኩት።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሰዓቱ ወደ ማታ ዘንብሎ፥ ብርዱ እንደ ልማዱ ቀድሞ ተቀብሎኛል። አርባ ምንጭ የምንለብሰው ሸሚዝ እዚህ እንደ ወረቀት ነው። ከድር የሚባል የሐጂ የወንድም ልጅ፥ ሱቁን አብሮት የሚሠራ ባለትዳር ጎልማሳ፥ ከሕዝቡ መካከል ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ መሪጌታ?»

«አዎን። በምን አወቅኸኝ?»

«ሐጂ ‹ከሚጮኸው ሰው መሐል ዝም ያለ ሽማግሌ ካየህ እርሱ ነው› ነው ያሉኝ።»

ቤቱ አማኑኤል ሰፈር ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። የሐጂ ባለቤት እትዬ ሙኒራ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብለው ጠረኑን አሸተቱ፤ ከፈቱት፤ ኮቱን ዘርግተው ወደ ብርሃን ያዙት። የኮቱ ትከሻ ቢጫ፥ ደረቱ ቢጫ ነበር።

«ይሄ ስጦታ ለእኛ ነው ወይስ ለኮቱ?» አሉ።

«ለእናንተ ነበር፤ ኮቱ ቀደማችሁ።»

«አይዞዎት። እስከ ቅዳሜ ልብስ ይሆናል።»

የተረፈውን ማንጎ ሐጂ ስሩር በቢላ አላስነካውም፤ በእጁ እያሸ ጫፉን ነክሶ መጠጠው፤ ልክ ድሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደሚያደርገው። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ የተቀረው አልተለወጠም። እኛ ቤት በዚህ ሰዓት መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፥ ጉርምርምታ ከተሰማም የሐይቁ ጉማሬ ነው። እዚህ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ የሰማሁት ወደ ኋላ የሚሄድ የጭነት መኪና ጥሪ ነበር። እንቅልፍ ወዲያው ወሰደኝ።

አርብ

ሶማሌ ተራን ለጎረቤቶቼ እንዲህ ላስረዳ። አንድ መኪና እስከ መጨረሻዋ ብሎን ብትፈታና ክፍሎቿ ለየብቻ በየቤቱ ቢሰቀሉ፥ ያ መንገድ ሶማሌ ተራ ነው። በአንዱ ሱቅ ባሌስትራ ብቻ፥ በሌላው መብራት ብቻ፥ ከዚያ ቀጥሎ ፍሪሲዮን። የሐጂ ሱቅ ጠባብና ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው በመደርደሪያ ተይዟል፤ ቁልቁል የሚንጠለጠለው የሞተር ቀበቶ ራሱን ያላጎነበሰን ሰው ቆብ ያወልቅበታል። የእኔንም አወለቀ።

ገና በጠዋቱ ነበር የደረስነው። ሐጂ ሒሳብ ቢጤ ነገር ያያል፥ ከድር አቧራ ያራግፋል፥ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዙሪያውን እመለከታለሁ። ዝም ማለቴ ጨዋነት የጎደለው እንዳይመስልብኝ፥ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ካንዴላዎች፥ ሞተር ውስጥ እሳት ከሚጭሩት ትንንሽ ብረቶች፥ አንዱን አነሣሁና ከድርን «ይህ ስንት ነው?» አልኩት። ነገረኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ከዚያም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ በሩ ወጣሁ።

ከኋላዬ የአቧራ መጥረጊያው ድምፅ ተቋረጠ። ከፊት ለፊት ያለው የራዲያተር ነጋዴ በሩን ተደግፎ ሁሉንም አይቷል።

«ሐጂ፥ የዛሬው ቀን በእንግዳህ ተዘጋ!» አለና ሳቀ።

«ግባ፥ ግባ፥ መሪጌታ» አለ ሐጂ ስሩር፤ እየሳቀ ቢሆንም እጄን ይዞ ወደ ውስጥ መለሰኝ። «ደፉን አልፈህ እንዳትወጣ። ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?»

«ዋጋ ጠየቅሁ።»

«የጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን አይወጣም። እርሱ ባዶውን ከሄደ ቀኑ ተከትሎት ነው የሚሄደው። ከስረንም ቢሆን እንሸጥለታለን።»

«እኔ እኮ መኪና የለኝም።»

«መኪና ማን ጠየቀህ? ዋጋ ጠይቀሃል፤ ዋጋ የጠየቀ ገዢ ነው።»

«ጋሼ፥ በፈለጉት ይውሰዱት» አለ ከድር፤ ፊቱ በእውነት ጨንቆታል። «ያሉትን ይበሉና ይውሰዱት፤ እኔ ልጆች አሉኝ።»

ያልኩትን አልኩና ወሰድኩት። በዚህ አኳኋን፥ መሪ ይዤ የማላውቀው ሰው የአንድ አዲስ ካንዴላ ባለቤት ሆንኩ። የራዲያተሩ ነጋዴ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲያ ገዢ እስከ ቀትር አልተቋረጠም፤ በመጣ ቁጥር ከድር ወደ እኔ እያየ ራሱን ይነቀንቃል፥ እኔ እንዳመጣኋቸው።

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ምሳ ከቤት መጥቶ ቆየን። ዕለቱ ለእኔ ጾም መሆኑን እትዬ ሙኒራን ያስታወሳቸው አልነበረም፤ ሽሮና ጎመን፥ ከጎኑም በዘይት የተጠበሰ ድንች ልከዋል። ሐጂም የእኔን ጾም አክብሮ ያንኑ በላ። ስንጨርስ የያዝኩትን ሐሳብ አወጣሁት።

«ነገ አብረን እንሂድ።»

«የት?»

«ታውቃለህ።»

አንድ ኩሽኔታ አንሥቶ በጣቱ አሽከረከረው፤ ድምፅ ሳያሰማ ለረጅም ጊዜ ዞረ።

«መጥሪያው የማን መገናኛ ነው ይላል?»

«የተመራቂዎች ይላል። ጸዳለ የጻፈችው ቃል ነው እንጂ ...»

«አንተ ነህ እንግዲህ ቃልን ‹ቃል ነው እንጂ› የምትለው?» አለኝ። ኩሽኔታው ቆመ። «ስማ። ልጄ እዚያው ነው የተማረችው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አደርሳት ነበር። የተመረቀች ዕለት ሙኒራ ገባች፥ እኅቶቿ ገቡ፥ እኔ መኪናውን ጠበቅሁ።»

«መኪናውን ማን ይነካዋል ብለህ?»

«ማንም። ማንም አይነካውም ነበር።»

ገዢ ገባ፤ ሐጂ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ነገር አልተመለስንም። እኔም ለሰው ያልተነገረ ነገር ሲነገረኝ ምን እንደሚባል አላውቅም። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ብዕር የማነሣው ለፊርማ ብቻ ነው፤ አንደበቴም ከብዕሬ አይሻልም። ሲመሻሽ ወደ አማኑኤል በእግር ስንመለስ፥ እጄን ኪሴ ውስጥ ካለው ካንዴላ ጋር አድርጌ፥ ጠዋት ስለ መጀመሪያ ገዢ የተናገረውን ደጋግሜ አሰብኩ።

ቅዳሜ

ልብሴ ታጥቦና ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ቢጫነቱ የለም፥ ሽታው ግን አለ፤ ከተጠጉኝ ሰዎች አንዳንዶቹ በዚያ ቀን ፍሬ ሲያምራቸው እንደዋለ እገምታለሁ። ቁርስ ሳልጨርስ፥ ሐጂ ጫማውን ሳያስር፥ ቀድሜ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ አያምኑኝ ይሆናል፥ ግን እውነት ነው፤ መንገዱን ለማንም ሳልጠይቅ፥ በጋሪዎችና በተሸካሚዎች መካከል አልፌ ሶማሌ ተራ ደረስኩ። የሱቁ በር እንደ ተቆለፈ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከድር መጥቶ በሩን ሲያነሣ፥ ሐጂም ከኋላው ሲደርስ፥ ተከትዬ ገባሁና ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ሌላ ገዢ ገብቷል?» አልኩት ከድርን።

«ማን ይገባል ጋሼ፥ አሁን ከፈትነው።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ዕቃ እፈልጋለሁ።»

ሐጂ ስሩር ቁልፉን አስቀመጠና መነጽሩን አደረገ።

«ምን ዓይነት?»

«አንድ ሰው።»

«የምንሸጠው መለዋወጫ ነው።»

«ለዛሬ ብቻ ነው፤ ማታ እመልሰዋለሁ።»

«ኪራይ አንሠራም» አለ። ገብቶታል፤ ግን የነጋዴ ፊቱን አልለወጠም። «ደግሞም ዕቃው ያገለገለ ነው። ዋስትና የለውም።»

«ኦርጅናል እስከ ሆነ ድረስ ግድ የለኝም።»

የራዲያተሩ ነጋዴ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ በሩን ያዘ። እኔ በሕይወቴ ተከራክሬ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም፤ አርባ ምንጭ ገበያ የተባልኩትን ከፍዬ የምወጣ ሰው ነኝ፥ ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ። ያን ጠዋት ግን አፌ ውስጥ ያልነበረ ቃል ይመጣልኝ ነበር።

«መጨረሻውን ንገረኝ» አልኩ።

«እስከ ግቢው በር ድረስ እሸኝሃለሁ። በሩ ድረስ።»

«በር ላይ የሚቀር ዕቃ አላየሁም። እስከ ክፍሉ፥ እስከ ወንበሩ፥ ሙሉ ቀን።»

«አያዋጣኝም። ቅዳሜ ነው፤ ገበያ ነው።»

«ከድር አለ።»

«ከድር ፍሬንና ፍሪሲዮን ይለይልሃል፥ ዱቤ የሚበላን ግን አይለይም። እስከ በሩ፤ ከዚህ አይወርድም።»

«እንግዲያው አልተስማማንም» ብዬ ካንዴላዬን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «ይህንም መልሱት» አልኩ። ፊቴን አዙሬ ወደ በሩ ሄድኩ። ዝግ ብዬ ነበር የሄድኩት። የራዲያተሩ ነጋዴ መንገድ ለቀቀልኝ፤ እንደ መስጊድ ሰው ጸጥ ብሏል። አንድ እግሬ ደፉን ሲያልፍ ከድር ጮኸ።

«ጋሼ ይመለሱ! ሐጂ፥ በአላህ፥ ይሽጡላቸው! ቀኑን ሙሉ ቆመን ልንውል ነው!»

«ልጁ እውነቱን ነው» አለ የራዲያተሩ ነጋዴ። «ስሩር፥ የእኔም በር ከአንተ ትይዩ ነው፤ ይተርፈኛል።»

ዘወር ብዬ አላየሁም። በመጨረሻ ከኋላዬ የሰማሁት መርካቶ ውስጥ ሁሉም ገዢ ሊሰማው የሚመኘውን ቃል ነው።

«ና ውሰድ።»

ተመለስኩ። ሐጂ ስሩር መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር።

«እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ» አለ። «ከዚያ ሱቄን አያለሁ። ዋጋውም ይህ ነው፦ አንተም ትናገራለህ። እኔን እዚያ ወስደህ አንተ ጥግ ላይ ዝም ብለህ ልትቀመጥ አትችልም።»

«ተስማምቻለሁ።»

«ካንዴላህን ያዝ። የተሸጠ አይመለስም።»

የቀረው መሄድ ብቻ ነበር፤ የሐጂ መኪና ግን አልተነሣችም። ዕድሜ ልኩን የሰው መኪና ሲያስነሣ የኖረ ሰው በመላ መርካቶ ፊት ኮፈን ከፍቶ ቆመ። ከየሱቁ ምክር ይጎርፍ ጀመር። ሐጂ አጎንብሶ ካየ በኋላ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ «አምጣት እስቲ» አለኝ። ካንዴላዋን በክብር አወጣሁለት፤ የጉዞው ፍጻሜ በኪሴ ነበረ ለካ ብዬ ተደነቅሁ። ለካትና መለሰልኝ። «የሌላ መኪና ናት» አለ። ስለዚህ እንደ ተማሪነታችን ጊዜ በታክሲ ሄድን፤ ረዳቱ «አባቶች፥ አንድ አንድ ሰው ጠጋ በሉልኝ» እያለ፥ እኛም ልብሳችን እንዳይጨማደድ እየተጠነቀቅን።

መንገዱን ሁሉ ሐጂ ስለ መኪናዋ ብቻ አወራ። የግቢው በር ሲታይ ኮቱን ቆለፈ። የጥበቃው ወጣት በአክብሮት አስቆመን፤ «ለምን ጉዳይ ነው አባቶች?» አለ። ሐጂ ስሩር ወደ እኔ አየ። ጫማው ወደ መንገዱ መዞር ጀምሮ ነበር። እኔ ለማያውቁኝ ሰዎች ቶሎ የምመልስ ሰው አይደለሁም።

«ተማሪዎች ነን» አልኩ።

ወጣቱ ተራ በተራ አየን። «እለፉ» አለ፤ «ክፍል ተጀምሯል።»

ስለ ግቢው ብዙ አልጽፍም፤ ጎረቤቶቼ ሕንፃ አይተው ያውቃሉ። ዛፎቹ ረዝመዋል፥ ወንበሮቹ ጠብበዋል፤ ወይም እኛ ሰፍተናል። ጸዳለ ከድሮ ክፍሎቻችን አንዱን አስከፍታ ፊት ቆማ ታስተናብር ነበር። እያንዳንዱ ተነሥቶ ስሙንና ከተመረቀ ወዲህ ያደረገውን እንዲናገር አዘዘች። አንዱ አምባሳደር ነበርኩ አለ፥ አንዱ ስለ ልጆቹ፥ ብዙዎቹ ስለ ደም ግፊታቸው ነገሩን። ተራው ወደ እኛ ረድፍ ሲቀርብ ከጎኔ ያለው ሐጂ ስሩር ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ መልሶ ለበሰ። እያንዳንዱ «ከተመረቅሁ በኋላ» ብሎ በጀመረ ቁጥር ሐጂን አየሁት። አንድ የሆነ ጊዜ ላይ በሩን አየ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ውል ረገምኩ፤ በጠዋት ልማድ አስሬ ያመጣሁት ሰው በሁሉ ፊት አንገቱን ቢደፋ፥ ለእኔ ደስታ ሲባል የደፋው ነው።

ተነሣ።

«ስሩር እባላለሁ» አለ። «ሦስተኛ ዓመት ላይ ለምሳ ወጣሁ። ሱቅ ሄጄ ነበር፤ ገዢ በዛብኝ። አሁን መጣሁ።»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጸዳለ፥ በዚያ በማይለወጥ የአለቃ ድምፅዋ፥ «ምሳውን በላህ?» አለችው።

«አልደረሰኝም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ፤ ከእኛ ጋር ትበላለህ።»

ያን ጊዜ ክፍሉ ፈነዳ። አምባሳደሩ ከረድፉ ወጥቶ መጥቶ አቀፈው፤ ለካ የመኪናውን ፍሬን ለዓመታት ከእርሱ ሱቅ ሲገዛ ኖሯል፥ ሁለቱም ስለ ግቢው አንሥተው አያውቁም። ሳቁ ሳይበርድ ተራው የእኔ ሆነ። ተነሣሁ፤ ስሜን ተናገርኩ፤ አርባ ምንጭ አስተምር እንደ ነበር ተናገርኩ፤ ተቀመጥኩ። ሐጂ ስሩር ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

ውሉ እስከ ዐስር ሶላት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሐጂ ተነሥቶ ወጣ፤ ወደ ሱቁ የሄደ መስሎኝ ነበር። በመስኮቱ ስመለከት ኮቱን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ይሰግዳል። ሲጨርስ ኮቱን አራግፎ ለበሰ፤ ተመልሶ ከጎኔ ተቀመጠ።

እሑድ

ጸዳለ ለእሑድ የያዘችው ፕሮግራም ነበራት። ሐጂ ስሩር ግን ክፍሉን በሙሉ ለምሳ አማኑኤል ጠራ፤ እርሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈች። እትዬ ሙኒራ ለእስላሙ በግቢያቸው፥ ለክርስቲያኑ በጎረቤታቸው ግቢ አሳርደው በሁለት ወጥ ቤት አስተናገዱ፤ ጎረቤትየዋ «የማን ሰርግ ነው?» ብለው ሲጠይቁ «ሐጂ ትምህርት ጀመሩ» ብለው መለሱላቸው። ጸዳለ ገብታ ወጡን ቀመሰችና ጨው ጨመረች። እኛ አገር በጥምቀትና በሰርግ ካልሆነ ይህን ያህል ሰው በአንድ ግቢ አይታይም። የኔን ሙሉ ልብስ የተጠጋች አንዲት የድሮ ጓደኛ «ማንጎ አለ እንዴ?» አለች። ወደ ጎረቤትየዋ ግቢ ተሻገርኩ።

ሰኞ

አውቶቡሱ በጠዋት ይነሣል። ሐጂ ስሩር ራሱ አደረሰኝ፤ መኪናዋ በእሑድ ተሠርታለች፥ በምን እንደ ተሠራች ሊነግረኝ አልፈለገም። ከድር ሻንጣዬን፥ ከላዩም እትዬ ሙኒራ የጋገሩትን ዳቦ ይዟል፤ ረዳቱን «ይሄን ምንም ነገር እንዳትጭንበት፥ የኮት ታሪክ አለው» ብሎ አስጠነቀቀልኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሐጂ ከውጭ መስታወቱን አንኳኳ፤ ከፈትኩ።

«ቅዳሜ አልተናገርክም» አለኝ።

«ስሜን ተናግሬያለሁ።»

«ስምህንማ እኛም እናውቀዋለን። ግድ የለም፥ በኪሳራ ሸጥኩህ፤ የመጀመሪያ ገዢ ነበርህ። ዛሬ ጠዋት ግን አንተ ጋ ማን መጥቷል?»

«ማንም። አንተ ብቻ።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው እኔ ነኝ» አለ፤ ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። «በተማሪ ቤት የግድግዳውን ጋዜጣ የምትሞላው አንተ ነበርህ። ከታች ተኝቼ እስክሪብቶህ ሲጭር እሰማ ነበር። ሱቅህን የዘጋኸው ለምን እንደ ሆነ አልጠይቅህም፤ የዘጋህበትን ዕለት አውቃለሁ፥ ለቀብሩ መጥቼ ነበር። ይህን መንገድ ጻፈው። ማንጎውንም፥ በሩንም።»

«አንድ ገጽ።»

«ሙሉውን፤ ከአርባ ምንጭ እስከ አርባ ምንጭ።»

«ሁለት ገጽ፤ በሩ ድረስ» አልኩ።

«በር ላይ የሚቀር ዕቃ አላየሁም።»

ሞተሩ ተነሣ። ረዳቱ በሩን መታ። ሐጂ ስሩር ፊቱን አዞረና ሊሄድ ጀመረ፤ ዝግ ብሎ ነበር የሚሄደው። ከድር በሳቅና በጭንቀት መካከል ሆኖ አንዴ እርሱን አንዴ እኔን ያያል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ራሴን በመስኮቱ አወጣሁ፤ በሕይወቴ መንገድ ላይ ጮኬ አላውቅም።

«ና ውሰድ!» አልኩት።

አርባ ምንጭ በተመለስኩ ማግስት መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀት ስለማያስቀምጥ ካንዴላዋን ላዩ ላይ አድርጌበታለሁ፤ በልኳ የሆነ መኪና እስኪገኝ ድረስ በዚህ ታገለግለኛለች። ሐጂ ስሩር፥ ዕቃህ ይኸው፤ ሙሉ ነው። ጉድለት ካየህበት ደውልልኝ፤ ዋስትና ግን የለውም።